ላይ ይቆርጣል፣ ታች ይሞላል፦ የአቃቂ ጅረቶችና ደለላቸው

ጥያቄ፦ «ግቢያችን አቃቂ ዙሪያ በአንድ ጅረት አፋፍ ላይ ነው። አባቴ ልጅ ሳለ ጅረቱን ዘሎ ይሻገረው እንደነበር ይናገራል። ዛሬ ጥልቀቱ አምስት ሜትር ደርሷል፤ አፋፉም በየክረምቱ እየተናደ ወደ አጥራችን ተጠግቷል። የገረመኝ በተናደው ግድግዳ ላይ፣ ከመሬቱ ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሰልና የገል ስብርባሪ መታየቱ ነው። ቦታው ድሮ ተሞልቶ ነበር ማለት ነው? አባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ በደለል ሞላ ይባላል። አንድ ውሃ እንዴት እዚህ እየቆፈረ እዚያ ይሞላል? ግንብ ብንሠራስ ይመልሰዋል?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ቦታው ተሞልቶ ነበር። ጅረቱ ዛሬ የሚቆርጠው ራሱ በድሮ ክረምቶች አምጥቶ የዘረጋውን አፈር ነው። ግንቡን በተመለከተ፣ የጅረቱ ወለል እየወረደ ሳለ የሚሠራ ግንብ ሁለት ሦስት ክረምት ቢቆይ ነው። ይህ አጭሩ መልስ ነው፤ ረጅሙ ከእንጦጦ ይጀምራል።

የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት አባ ሳሙኤል ግድብ ከ2,100 ሜትር በታች ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 35 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከዚህ ቁልቁለት አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያልቃል፤ ቀበናና ቀጨኔ ከተራራው ሲወርዱ ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ቃሊቲ አልፎ ሜዳው ሲደረስ ግን ውሃው ይተኛል። የእርስዎ ጅረት ከእንጦጦ ባይነሳም ነገሩ ያው ነው፤ ከኮረብታ ተነሥቶ ሜዳ ላይ ያርፋል። በዚህ ላይ በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ ወንዞቻችን የዓመቱን ሥራ የሚሠሩት በጥቂት ሳምንታት፣ እንዲያውም በጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ነው።

ወንዝ ውሃ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ አፈርም ይሸከማል። የውሃው ብዛትና የወለሉ ተዳፋት ጉልበቱን ይወስናሉ፤ የደለሉ ብዛትና የቅንጣቱ ትልቅነት ሸክሙን። ጉልበቱ ከሸክሙ ከበለጠ ትርፉ ጉልበት ወለሉን ይቆፍራል። ሸክሙ ከበለጠ ትርፉን አራግፎ ይሄዳል። ስለዚህ በአንዱ ጎርፍ፣ በአንዱ ቀን ላይ እየቆፈረ ታች መሙላቱ የሚጋጭ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላው ነገር ነው፦ አንዱ ቦታ ራሱ በአንድ ዘመን ሲሞላ ኖሮ በሌላ ዘመን ሊቆረጥ ይችላል። ለዚያ የአየር ጠባይ መለወጥ የግድ አያስፈልግም፤ ከላይ የሚመጣው የውሃና የአፈር ድርሻ ከተለወጠ በቂ ነው።

የት እንደሚራገፍ የሚወስነው የቅንጣቱ መጠን ነው። በተኛ ውሃ ውስጥ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመስመጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ደለል ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ ሸክላ ግን ከሦስት ቀን በላይ ይንሳፈፋል። ድንጋዩ ተራራው ግርጌ፣ አሸዋው የወንዙ ክርን ላይ፣ ደቃቁ ጎርፍ በተኛበት ሜዳ ላይ፣ ሸክላው ግድብ ውስጥ የሚገኘው ለዚህ ነው። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የለገዳዲ ውሃ በግድቡ ውስጥ ቆሞም ድፍርስ የሚሆነው፣ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ ሸክላው ተያይዞ እንዲሰምጥ ኬሚካል የሚጨመርበትም ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሙሌቱ። ሜዳው ላይ ያለው አፈር ከሰማይ አልወረደም፤ ከኮረብታው ተነሥቶ የመጣ ነው። ለታረሰ የደጋ መሬት በሰፊው የሚጠቀሰው ግምት በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነው። ይህን በመሬቱ ላይ ቢያነጥፉት 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዓይን የማይታይ፣ በመቶ ዓመት ግን 35 ሳንቲ ሜትር። ከዚህ ውስጥ ወዲያው ወንዝ ገብቶ እስከ ግድብ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ነው። ሌላው በእርሻ ድንበር፣ በኮረብታ ግርጌ፣ ጎርፍ ገንፍሎ በሚተኛበት ሜዳ ይቀመጣል። ጅረቱ ዘሎ የሚሻገሩት በነበረበት ጊዜ ክረምት ሲሞላ ውሃው ወደ ግራና ቀኝ ይፈስስ ነበር፤ በፈሰሰ ቁጥርም ስስ የአፈር ንጣፍ ትቶ ይመለሳል። ግድግዳዎ ላይ የሚታየው የነዚያ ንጣፎች ክምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይደገማል፤ በዚያ ዘመን ግን አገሩን ለክቶ ያወቀው ማንም የለም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1868 የተነሡ ፎቶግራፎች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ እንደገና ከተነሡት ጋር ሲመሳከሩ፣ ብዙው ቦታ ያኔም የተራቆተ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዳንዱማ ዛሬ ይሻላል። ስለዚህ ኮረብታዎቻችን የተራቆቱት በአንድ ትውልድ ጥፋት ነው ብሎ መጀመር ስህተት ውስጥ ይከታል። መመንጠርና ማረስ የቆየ ነገር ነው፤ ሙሌቱም እንዲሁ።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን አንድ የታወቀ መፋጠኛ አለ። የምኒልክ ከተማ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ሲወርድ ማገዶና የቤት እንጨት የሚፈልግ ብዙ ሕዝብ አብሮ ወረደ። በዙሪያው ያለው ጽድና ወይራ ቶሎ አለቀ፤ እጥረቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር አሳሰበ። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ለአፈሩ ግን ባሕር ዛፍ እንደ ደን አይቆጠርም። ሥሩ ሣር አያስበቅልም፣ የወደቀው ቅጠል ደግሞ ተጠርጎ ለምድጃ ይሄዳል። ዝናቡ ባዶ መሬት ላይ ይወርዳል፤ ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ተዳፋት ሥሩ ገብተው ሲያዩት የተጠረገ ግቢ ነው።

ገሉንና ከሰሉን ለማንበብ የግድግዳውን አንድ ቁራጭ ማጽዳት ያስፈልጋል። ይህ የበጋ ሥራ ነው፤ ከኅዳር በፊት፣ ወይም ጫፉ ወደ ፊት ባዘነበለበት ቦታ በፍጹም ሥሩ አይቁሙ። በግንበኛ ማንኪያ ከላይ እስከ ታች ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ቀጥ ያለ መስመር ይፋቁ፣ ትንሽ ውሃ ይርጩበት፣ ሜትር ተክለው ፎቶ ያንሡ። በአቃቂ ሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። ከሥር አለቱ፣ በላዩ ውሃ ያሞለሞለው ጠጠር። ከዚያ ወፍራም ጥቁር ዋልካ፤ ሲሰበር ፊቱ እንደ ተቀባ የሚያብረቀርቅ፣ ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ያሉበት። ይህ የተቀበረ መሬት ነው፦ ደለል ሳይመጣበት ለረጅም ዘመን ፀሐይና ሣር ያየ፣ በዚያው አፈር የሆነ። ከእሱ በላይ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ፣ በስስ በስሱ የተደራረበ አፈር ይመጣል፤ ከሰልም ገልም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚህ ውስጥ ነው። የዋልካውና የቡናማው ድንበር በቢላዋ የተቆረጠ ያህል ጥርት ያለ ከሆነ ሙሌቱ በድንገት ጀምሯል ወይም ውሃ መጀመሪያ ፍቆት ነበር። እየደበዘዘ የሚያልፍ ከሆነ ደለሉ ቀስ እያለ ሲመጣ ፍልፈልና ሥር እያደባለቁት ኖረዋል።

እያንዳንዱን ስስ ንጣፍ ቀረብ ብለው ቢያዩት ከታች አሸዋ፣ ወደ ላይ እየደቀቀ ሄዶ በሸክላ ያልቃል። አንድ ጎርፍ መጥቶ፣ ረግቶ፣ ሄደ ማለት ነው። ይህን ቆጥሮ ዓመት ለማውጣት የሚሞክር አለ፤ አያስኬድም። በአንድ ክረምት ሦስት ንጣፍ ሊጣል፣ በአምስት ክረምት ደግሞ ምንም ላይጣል ይችላል። ቅደም ተከተል የሌለው፣ ብሎኬት፣ ድንጋይና አፈር የተደባለቀበት ክምር ካገኙ ደግሞ ወንዝ ያመጣው ሳይሆን ገልባጭ መኪና የደፋው ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ገል የሚሰጠው አንድ ወገን ብቻ ነው፦ አፈሩ ከገሉ አይበልጥም። ያነሰ ግን ሊሆን ይችላል፤ የሦስት መቶ ዓመት ገል አምና በጎርፍ ተነሥቶ ሊቀበር ይችላልና። ስብርባሪውን በእጅዎ ይያዙት። ጠርዙ እንደ ሳሙና ከተሞለሞለ ውሃ አንከባሎታል። ጠርዙ ስለታም ከሆነ፣ በተለይ የአንድ እንስራ ስባሪዎች ተቀራርበው ከተገኙ፣ እዚያው አካባቢ ሰው ጥሎታል፤ ይህ የበለጠ የሚታመን ነው። ሰያፍ ወርዶ በሌላ ቀለም አፈር የተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ከተገኘ ይተዉት፤ ፍልፈል ከላይ ያወረደው ነው።

ለአዲስ አበባ ዙሪያ ጥሩ መለያ የሚሆነው ባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ፣ ፍሬው ወይም ከሰሉ ያለበት ንጣፍ ከዛፉ መምጣት በፊት የተቀመጠ ሊሆን አይችልም። ከሰል የምን እንጨት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ይለያል፣ ስለዚህ እፍኝ ያህል በብረት ነክ መሣሪያ አንሥቶ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሎ ማስቀመጥ አይከፋም። ከዚያ በላይ ፌስታል የያዘ ንጣፍ ካለ የቅርብ አሥርተ ዓመታት ነው። ቤተ ሙከራ ለሚደርስ ሰው ሁለት መንገድ አለ። የራዲዮ ካርቦን ልኬት በ5,730 ዓመት በግማሽ በሚቀንሰው ካርቦን 14 ላይ ይመሠረታል፤ ላለፉት 300 ዓመታት ግን አንድ ናሙና ሁለት ሦስት የተለያየ ዘመን ስለሚሰጥ ለእርስዎ ዓይነት ጥያቄ ብዙ አይረዳም። ሲዚየም 137 የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ደግሞ ከኒውክሌር ሙከራዎች የተበተነ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በፊት በአፈር ውስጥ አልነበረም፣ መጠኑ ከፍተኛው ጫፍ ላይ የደረሰው በ1963 ነው። ደለሉ ውስጥ ጫፉ የታየበት ንጣፍ ያን ዓመት ያመለክታል።

ታዲያ ሲሞላ የኖረው ለምን መቆረጥ ጀመረ? ዋናው ጣሪያና አስፋልት ነው። ጅረትዎ 50 ሄክታር መሬት ያፈስሳል እንበልና በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚሆን ኃይለኛ ዝናብ ይውረድ። መሬቱ እርሻና ግጦሽ ሳለ ሩቡ ብቻ ወዲያው ቢፈስ በሴኮንድ 1.7 ሜትር ኩብ ይመጣል። ቤት ተሠርቶበት፣ መንገዱ ተነጥፎ 65 በመቶው ቢፈስ 4.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ውሃው ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ በሲሚንቶ ከተሸፈነ መሬት የሚመጣው አፈር ግን ቀነሰ። ከመንገድ ዳር ዲችና ከካልቨርት (ውሃን ከመንገድ ሥር ከሚያሳልፈው ቱቦ) የሚወጣው ውሃ ደግሞ ሸክሙን ያራገፈ፣ የተሰበሰበ፣ ከፍ ካለ ቦታ የሚወረወር ነው። ከካልቨርት አፍ በታች ሁልጊዜ ጉድጓድ የሚታየው ለዚህ ነው። የቦረቦሩ አናት ከዚያ ይነሣና ወደ ላይ እየበላ ይወጣል። ከወለሉ ለግንባታ አሸዋና ድንጋይ የሚወጣ ከሆነ ተጨማሪ ነው፤ ያ ጠጠር የጅረቱ ጋሻ ነበር።

አንዴ ከተጀመረ ራሱን ያባብሳል። ውሃ በወለል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በጥልቀቱና በተዳፋቱ ብዜት ይወሰናል። ተዳፋቱ 2 በመቶ በሆነ ጅረት አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ በካሬ ሜትር 200 ኒውተን ገደማ ይጎትታል፤ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ማንከባለል የሚጀምር ኃይል ነው። ድሮ ከአንድ ሜትር ሲያልፍ ወደ ሜዳው ይፈስስ ስለነበር ከዚያ አይበልጥም ነበር። አሁን ግን በአምስት ሜትር ገደል ውስጥ ታስሮ ሁለት ሜትር ሲሞላ ጉተታው በእጥፍ ያድጋል፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቋጥኝ ይነቀንቃል። የሜዳው አፈር በዚህ ፊት ምንም አይደለም።

ወለሉ ሲወርድ ግድግዳው ይከተላል፤ አወዳደቁን በቅርብ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ሜዳው ያለ ሸክላማ አፈር እርስ በርሱ በሚያያዝበት ጉልበት ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ከፍታ ውስን ነው። መጠነኛ ጥንካሬ ላለው አፈር ስሌቱ 3.5 ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ከላይ ስንጥቅ ከገባበት ወደ 2.4 ሜትር ይወርዳል። አምስት ሜትር የቆመ ግድግዳ እንግዲህ ቀኑን የሚጠብቅ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ፊቱን ሳያርስ በስንጥቁ ወርዶ፣ ከሥር ጠንከር ያለ ንጣፍ ሲያገኝ ወደ ገደሉ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በመንገዱ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ይከፍታል። ጣሪያው ሲደረመስ ሰው «መሬቱ ዋጠው» ይላል። ከአፋፉ አንድ ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ከገደሉ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ የሚቀጥለው የሚወድቀው ቁራጭ እሱ ነው። መቼ? ብዙ ጊዜ ጎርፉ ባለበት ሰዓት ሳይሆን ካለፈ በኋላ፣ ሌሊት ወይም በማግስቱ። ውሃው ሞልቶ ሳለ ግድግዳውን ይደግፈዋል፤ ፈጥኖ ሲጎድል የረሰረሰው አፈር ብቻውን ይቀራል። ልጆችን «ጎርፉ አልፏል» ብሎ ወደ አፋፉ መልቀቅ ስለዚህ አይገባም።

የተቆረጠው አፈር ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተጀመረ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የአገሪቱ የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ተመልሷል፤ ሐይቁ ግን ደለልና እምቦጭ የሞላበት ነው። ከእሱ የሚያመልጠው በአዋሽ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተመረቀው ቆቃ ግድብ ይሄዳል፤ ቆቃም ከውሃ መያዣው ቀላል የማይባል ክፍል ለደለል ለቋል። ልብ ይበሉ፦ ከአፋፍዎ ዛሬ የሚወድቀው አፈር ኮረብታውን የለቀቀው ዛሬ አይደለም። ምናልባት በአያቶችዎ ዘመን ታጥቦ ሜዳው ላይ ያረፈ፣ አሁን ሁለተኛ ጉዞውን የጀመረ ነው። ለዚህም ነው ላይ ያለው ተራራ በእርከን ቢሸፈን ታች ያለው ግድብ ወዲያው የማያርፈው።

ይህ መዘግየት በሌላ አገር በደንብ ተመዝግቧል። በካሊፎርኒያ ወርቅ ፈላጊዎች እ.ኤ.አ. ከ1853 ጀምሮ ኮረብታን በውሃ ግፊት እየናዱ ሲያጥቡ ዩባ የሚባለው ወንዝ ወለሉ ብዙ ሜትር ከፍ አለ፣ የእርሻ መሬት ተቀበረ። ፍርድ ቤት በ1884 አስቆመው። ደለሉ ግን እንደ ማዕበል ቀስ እያለ ወደ ታች መውረዱን ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ፤ ላይ ያለው ወለል ተመልሶ ሲቆረጥ ታች ያለው ገና ይሞላ ነበር። የረጅም ዘመኑን ደግሞ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጥሬ አለ፤ አዋሽ የገዛ ሙሌቱን ቆርጦ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ታሪክ ገልጦ የሚያሳይበት። በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ በዓይን የገባው ለአንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነበር፤ የወንዝ ግድግዳ ማየት ልማዱ የሆነ ሰው ነውና።

ወደ አጥርዎ እንመለስ። መጀመሪያ የላዩን ውሃ ከአፋፉ ያርቁ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3,000 ሊትር ይሰጣል፤ ይህ አፋፉ ላይ እየፈሰሰ ከሆነ ገደሉን እየቆፈሩ ያሉት እርስዎ ነዎት። ከሮቶው የተረፈውን በቱቦ እስከ ጅረቱ ወለል ድረስ ያውርዱት፣ አፉ ሥር ድንጋይ ይደርድሩ። ዋልካ ላይ ከአፋፉ ጋር ትይዩ ያልተለሰነ ቦይ መቆፈር የተለመደ ስህተት ነው፤ ውሃውን በቀጥታ ወደ ስንጥቁ ያስገባል። ሴፕቲክ ታንክም ከአፋፉ ይራቅ።

ቀጥሎ ወለሉ። ወለልን የሚያቆመው ክትር፣ ማለትም ጅረቱን አቋርጦ የሚሠራ ዝቅተኛ ግድብ ነው፤ አንድ ሳይሆን ተከታታይ። የሚጀመረው ከታች ነው፣ ከማይነቃነቅ ነገር፦ ከአለት ወይም ከመንገድ ካልቨርት። ርቀታቸው የሚወሰነው የክትሩን ከፍታ በ1.2 አባዝቶ ለተዳፋቱ በማካፈል ነው። አንድ ሜትር ክትር፣ 6 በመቶ ተዳፋት፦ 20 ሜትር። 3 በመቶ ከሆነ 40 ሜትር። ተዳፋቱን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ መለካት ይቻላል። በደረቅ ድንጋይ ከሆነ ከአንድ ሜትር ከፍታ አይለፉ፤ መሠረቱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውረድ፣ ጎኖቹ በዋልካ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ይግቡ። መካከሉ ከጎኖቹ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። አብዛኛው ክትር የሚፈርሰው በዚህች ነው፦ ሰዎች አናቱን ለዓይን ደስ እንዲል ቀጥ ያደርጉታል፣ ውሃውም መሃሉን ትቶ በጎን ዞሮ አዲስ ገደል ይከፍታል። ሁለተኛው የመፍረሻ ምክንያት ከታቹ ንጣፍ ድንጋይ አለመኖሩ ነው፤ የሚወረወረው ውሃ መሠረቱን ይበላዋል። ንጣፉ የውድቀቱን ከፍታ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይርዘም። ጋቢዮን (በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ከተጠቀሙ ከኋላው ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ ካልተነጠፈ ደቃቁ አፈር በድንጋዩ መካከል ሾልኮ ያልቅና ሳጥኑ ባዶ ላይ ይቀራል። ከላይ እንደተሰላው 4.5 ሜትር ኩብ የሚያወርድ ጅረት ከሆነ ግን ደረቅ ድንጋይ አይበቃውም፤ ጋቢዮን ወይም ግንብ በመሐንዲስ ተሰልቶ፣ ጎረቤቶች በጋራ የሚሠሩት ነው። አንድ ግቢ ብቻውን ወለል አያቆምም።

ከክትሩ ኋላ ደለል ሲሞላ ሥራው እየሠራ ነው፤ አይጥረጉት። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደሾ ሣር፣ ዝሆን ሣር ወይም ሰስባንያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ይትከሉበት፤ ቬቲቨር ሣር ከሆነ ተዳፋቱን አቋርጦ በየ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። አፋፉ ጫፍ ላይ ባሕር ዛፍ አያስፈልግም፤ ክብደቱም፣ በነፋስ መወዛወዙም፣ አፈሩን ማድረቁም ስንጥቁን ያግዛል። ፍርስራሽ መድፋት ደግሞ ሁለት ጥፋት ነው፦ ጫፉን ያከብደዋል፣ ጅረቱንም አጥብቦ ውሃውን ወደ ማዶው ጎረቤት ይመራዋል።

የእርስዎ ግድግዳ በመጨረሻ አንድ ለሁለት ተዳፋት ይዞ ይረጋል ብንል፣ አምስት ሜትር ጥልቀት ላለው ገደል ጫፉ ከግርጌው 10 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ከግርጌው 10 ሜትር ውስጥ ያለ ግንባታ ሁሉ ስጋት ላይ ነው፤ አዲስ ነገር በዚያ ክልል አይሥሩ።

ግንቡን ለመወሰን ሁለት ክረምት ይለኩ። በሰኔ አጋማሽና በመስከረም መጨረሻ፣ ከአንድ የአጥር ማዕዘን እስከ አፋፉ ያለውን ርቀት ይያዙ። ወለሉን ደግሞ አለት ላይ ወይም ካልቨርት ላይ በቀለም ምልክት አድርገው በውሃ ቱቦው ያመሳክሩ። ወለሉ በዓመት 30 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ከሆነ አንድ ሜትር የወረደ የግንብ መሠረት በአራተኛው ክረምት ባዶ ላይ ይቆማል፤ ክትሩ ይቅደም። ወለሉ ባለበት ሆኖ አፋፉ ብቻ የሚናድ ከሆነ ጅረቱ ቁፋሮውን ጨርሶ እየሰፋ ነው፤ ያኔ ግርጌውን የሚይዝ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው፣ ከኋላው በዋልካ ሳይሆን በጠጠር የተሞላ አጭር ግንብ ዋጋ አለው።